«ሶሪ» ሲሉን ጥፋታቸውን እያመኑ ነው ወይስ እያዘኑልን?

ጥያቄው የደረሰኝ በኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ከሚሠሩ ወጣት እኅት ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። ደሴ የሚኖሩት አያታቸው ያርፉና ፈቃድ ለመጠየቅ የውጭ አገር ዜጋ ወደሆኑት ኃላፊያቸው ይገባሉ። ኃላፊው ነገሩን ሲሰሙ የያዙትን እስክሪብቶ አስቀምጠው «አይ አም ሶሪ» ይሏቸዋል። ጠያቂዋ «ሶሪ» ማለት «ይቅርታ» ማለት እንደሆነ ብቻ ያውቁ ስለነበር፣ «ምን በደሉኝና?» ብለው በማሰብ «ኖ ፕሮብሌም» ብለው ይመልሳሉ። ሰውየው ለአፍታ ዝም ብለው አዩዋቸው፤ እርሳቸውም መኪናው ሐረጎን ሲወጣ ነው «ለአያቴ ሞት ችግር የለም አልኩ እንዴ?» ብለው የደነገጡት። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣው የአክስታቸው ልጅ ሐዘንተኞቹን «ሶሪ፣ ሶሪ በጣም» እያለ ሲያቅፍ፣ አንዲት የሰፈር እናት «ለቅሶ እንዲህ አይደረስም» ብለው ተቆጡት። እንግዲህ ጥያቄያቸው ሦስት ነው። «ሶሪ» የመጣው ሐዘን ማለት ከሆነው «ሶሮው» ነው ወይ? ለኃላፊዬ ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ? የአክስቴ ልጅስ አጥፍቷል ወይ?

አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች መካከል የአንድን ቃል ሥር እንዲህ የነካ ብዙ አላጋጠመኝም፤ ስለዚህ ሳልቸኩል እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ጭምር የሚስቱበት ነው። «ሶሪ» እና «ሶሮው» በድምፅ ይመሳሰላሉ፣ በትርጉምም ተቀራርበዋል፤ ይሁን እንጂ ከአንድ ሥር የበቀሉ አይደሉም። «ሶሮው» በድሮው እንግሊዝኛ «ሶርግ» ይባል የነበረ ሲሆን፣ ትርጉሙ ሐሳብ፣ ጭንቀትና ሐዘን ነው፤ የሥጋ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛው «ዞርገ» ዛሬም ጭንቀት ማለት ነው። «ሶሪ» ግን ከ1,000 ዓመት በፊት «ሳሪግ» ይባል የነበረ ቃል ነው፤ ይህም «ሳር» ከሚል ስም የተሠራ ቅጽል ነው። ከብት ከሚግጠው ሳር ጋር በድምፅ ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም፤ ያ «ሳር» ሕመም፣ ቁስል ማለት ነበር። ቃሉ አልሞተም፤ የዛሬው እንግሊዝኛ «ሶር» ይለዋል። ጉሮሮዬን ያመኛል ለማለት «ሶር ስሮት» የምንለው፣ ሐኪም ቤትም የአፍ ቁስል ወይም የአልጋ ቁስል ሲጻፍ የምናገኘው ይኸው ቃል ነው።

«ሳ» እንዴት «ሶ» ሆነ ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። በእንግሊዝኛ ታሪክ ውስጥ ረጅሙ «ኣ» ድምፅ በብዙ ቃላት ወደ «ኦ» ተለውጧል፤ ድንጋይ «ስታን» ነበር «ስቶን» ሆነ፣ አጥንት «ባን» ነበር «ቦን» ሆነ፣ ቤት «ሃም» ነበር «ሆም» ሆነ። «ሳሪግ»ም አብሮ ሄደ፤ ከዚያ አናባቢው አጠረ፤ ለማጠሩም በትርጉም የተጠጋው «ሶሮው» ተጽዕኖ አድርጎበታል። የኋላው «ኢግ» ደግሞ ወደ «ኢ» ተሸረፈ፤ «ሀንግሪግ» የነበረው የራበው ሰው ዛሬ «ሀንግሪ» እንደሆነ ማለት ነው።

ይህች መድረሻ በእኛ ቋንቋ «ኛ» የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች። ቁስል ካልን በኋላ ቁስለኛ እንላለን። እንግዲያው «አይ አም ሶሪ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከሥሩ ሲፈታ «ቁስለኛ ነኝ» ወይም «ያመኛል» ማለት ነው። በደል፣ ጥፋት፣ ዕዳ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ዘመዶቹ ቃላትም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ከዚያው ከጥንቱ ሥር የወጣው የጀርመንኛው «ዜር» ዛሬ «በጣም» ማለት ቢሆንም፣ መነሻው «እስኪያም ድረስ» የሚል ነበር፤ እኛ «ክፉኛ ናፈቀኝ» ስንል ክፋቱን ትተን ብርታቱን ብቻ እንደምንወስደው ነው። ፊንላንዶች ደግሞ ቃሉን ከጀርመን ቤተሰብ ቋንቋዎች በጥንት ጊዜ ተውሰው «ሳይራስ» ይሉታል፤ ትርጉሙ በሽተኛ ነው።

ታዲያ ይቅርታ ከየት ገባ? ቃሉ መጀመሪያ «በራሴ ላይ በደረሰው ያመኛል» ነበር፤ ቀጥሎ «በአንተ ላይ በደረሰው ያመኛል» ሆነ፤ በመጨረሻ «እኔ ባደረግሁት ያመኛል» የሚል ቅርንጫፍ አበቀለ። ጥፋቱን ያየ ሰው ሕመሙን ሲናገር ሰሚው እንደ ይቅርታ ተቀበለው። «ሶሪ» ብቻውን፣ ያለ «አይ አም»፣ እንደ ይቅርታ መጠየቂያ መነገር የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ከሥሩ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነገር ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ለይቅርታ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት «ፓርደን» በሚለው ከፈረንሳይኛ በተወሰደ ቃል ነበር። «አፖሎጂ» ደግሞ የግሪክ ቃል ሆኖ መነሻ ትርጉሙ ፍርድ ቤት ቆሞ ራስን መከላከል ነው፤ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 አቴና ላይ ያቀረበው «አፖሎጂያ» የመከላከያ ንግግር እንጂ ይቅርታ መጠየቅ አልነበረም። ዛሬ ትርጉሙ ዞሮ «አፖሎጃይዝ» ማለት ጥፋትን አምኖ ይቅርታ መጠየቅ ሆኗል።

ይህ የመጨረሻው ቃል ለእርስዎ ጥሩ መፈተኛ ይሆንዎታል። «ሶሪ» የሚል ነገር በሰሙ ቁጥር በልብዎ «አይ አፖሎጃይዝ» በሚለው ተክተው ይሞክሩት። አውቶቡስ ውስጥ እግርዎን የረገጠ ሰው «አይ አፖሎጃይዝ» ቢል ትንሽ ይከብዳል እንጂ ስሜት ይሰጣል፤ ስለዚህ የእርሱ «ሶሪ» ይቅርታ ነው። አያታቸው ለሞቱባት ሴት «አይ አፖሎጃይዝ» የሚል ሰው ግን ገዳዩ እርሱ ሊመስል ነው፤ ስለዚህ የኃላፊዎ «ሶሪ» ሐዘን ነው።

ልዩነቱ የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት አንድ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 አንድ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በቻይናዋ የሃይናን ደሴት አቅራቢያ ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጨ። ቻይናዊው አብራሪ ዋንግ ዌይ ሞተ፤ 24ቱ አሜሪካውያን ደሴቲቱ ላይ አርፈው ለ11 ቀናት ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ካልተጠየቅሁ አልለቅም አለች፤ አሜሪካ ጥፋቱ የእኔ አይደለምና ይቅርታ አልጠይቅም አለች። ማሰሪያው ምን ሆነ? የአሜሪካው አምባሳደር የፈረሙበት ደብዳቤ «ቬሪ ሶሪ» የሚለውን ሐረግ ሁለት ጊዜ አስገባ፤ አንዱን ለአብራሪው ቤተሰብና ለቻይና ሕዝብ፣ ሌላውን አውሮፕላኑ ያለ ፈቃድ ስለማረፉ። «አፖሎጃይዝ» የሚለው ቃል ግን ደብዳቤው ውስጥ የለም። አሜሪካኖች «ሐዘናችንን ገለጽን» አሉ፤ ቻይኖች ለሕዝባቸው «ይቅርታ ጠየቁን» ብለው ነገሩ፤ ሰዎቹም ወደ አገራቸው ገቡ። እርስዎ በአንድ ቢሮ ውስጥ የተደናገሩበትን ድርብ ትርጉም ሁለት ኃያላን መንግሥታት ዐውቀው ተጠቅመውበታል።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በሕግ ተጽፏል። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ መሠረት አንድ ሰው በደረሰ ጉዳት «ሶሪ» ማለቱ ጥፋቱን እንዳመነ ተቆጥሮ በፍትሐ ብሔር ክርክር አይቀርብበትም። ሐኪም በሽተኛውን «ሶሪ» ለማለት፣ ሾፌርም የተገጨውን ሰው ለማጽናናት እንዳይፈራ የታሰበ ነው። ሕግ አውጪዎቹ የቃሉን አሮጌ ትርጉም፣ ሕመም መጋራቱን፣ ከአዲሱ ትርጉም አስጥለው ያወጡት ይመስለኛል።

አውስትራሊያ ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው። ከቤተሰቦቻቸው በመንግሥት ተወስደው ላደጉ የነባር ሕዝቦች ልጆች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ ግንቦት 26 ቀን የሚታሰብ «የሶሪ ቀን» አለ። በ1999 የአገሪቱ ፓርላማ «ጥልቅ ጸጸት» የሚል ቃል አጸደቀ፤ ተበዳዮቹ ግን «ሶሪ» የምትለው ቃል ካልተነገረች አንቀበልም አሉ። በየካቲት 13 ቀን 2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ ፓርላማ ፊት ቆመው ቃሏን ደጋግመው ሲናገሩ ሰው አለቀሰ። እነዚያው ነባር ሕዝቦች በሚናገሩት እንግሊዝኛ «ሶሪ ቢዝነስ» የሚል አነጋገር አላቸው፤ ትርጉሙ ለቅሶና የለቅሶ ሥርዓት ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ ሥራውን ትቶ የሚሰበሰብበት የሐዘን ወቅት ማለት ነው። ይቅርታ የሚል ትርጉም በዚህ አነጋገር ውስጥ የለም። የኃላፊዎ «ሶሪ» የዚህ ወገን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልመለስ፤ ችግርዎ የተፈጠረው እንግሊዝኛው በአንድ ከረጢት የያዘውን አማርኛ በብዙ ቦታ ለያይቶ ስላስቀመጠው ነውና። «ይቅርታ» «ቀረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «ይቅር» ማለት «ይተው፣ ይለፍ» ማለት ነው። ይህ ንግግር ስለ ተናጋሪው ሕመም ምንም አይልም፤ ሰሚው አንድ ነገር እንዲተው ይለምናል። ወሎ ላይ ከዚህ ጎን ለጎን «አፉ በለኝ» አለን። ቃሉ ከአፍ ጋር አይዛመድም፤ ዐረብኛ ነው፤ መደምሰስ፣ ማበስ፣ ይቅር ማለት ከሚል ሥር የመጣ ሲሆን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይጠቀምበታል።

አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ ሸዋ በር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ያየሁትን ላጫውትዎት። አንድ ተማሪ ለመውረድ ሲጣደፍ የአንዲት አሮጊትን እግር ረገጠ። «ሶሪ እማማ» አለ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ ሆኖ። እርሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው «ሶሪህን እኔ ምን ላድርገው ልጄ? አፉ ይበሉኝ በል» አሉት። ልጁ ተመልሶ ጎንበስ ብሎ «አፉ ይበሉኝ እማማ» አለ፤ «አፉ ብያለሁ፣ ሂድ እደግ» አሉት። ረዳቱም ሳይቀር ቆሞ ጠበቀ። እኚያ እናት አንድም ቀን እንግሊዝኛ ሳይማሩ የሁለቱን ቃላት ልዩነት ከብዙ መምህራን በተሻለ አስቀመጡት። «ሶሪ» የተናጋሪው ጉዳይ ብቻ ነው፤ ተናግሮ ሲሄድ ተበዳይ የምትሠራው ነገር የላትም። «አፉ ይበሉኝ» ግን ውሳኔውን በእጇ ላይ ያስቀምጣል፤ ማበሱም መተዉም የእርሷ ነው።

ለሕመምና ለሐዘን ደግሞ ሌላ ሣጥን አለን። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን። ይህች ቃል ለእኔ ከሁሉም የከበረች ናት፤ «ይህ ነገር በአንተ ፋንታ እኔን ያግኘኝ» ማለት ስለሆነ፣ ከጥንቱ «ሳሪግ» ጋር በመንፈስ የምትቀርበው እርሷ ናት። የከበደውን ሰው «አይዞህ» እንላለን፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ «አብሽር»፣ «አብሽሪ» ይቀድማል፤ ይህም ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ «መልካም ወሬ ይድረስህ» የሚል መነሻ አለው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን»ን ወደ «ሶሪ» ተርጉመን መናገር ይቀናናል። ከኬንያዊ ወይም ከናይጄሪያዊ የሥራ ባልደረባ ጋር ከሆኑ ይህ ትክክል ነው፤ በእነርሱ እንግሊዝኛ «ሶሪ» ለተደናቀፈ፣ ዕቃ ለወደቀበት፣ ለደከመው ሁሉ ይባላል፤ ኬንያውያን በስዋሂሊ «ፖሌ» የሚሉትን ነው የሚያስተላልፉበት። እንግሊዛዊ ግን «አንተ አልጣልኸኝ፣ ለምን ሶሪ ትለኛለህ?» ሊል ይችላል፤ ለእርሱ በዚህ ቦታ የሚባለው «አር ዩ ኦልራይት?» ነው።

የቀረውን የዕለት አጠቃቀም ባጭሩ ልለፍ። ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ሶሪ?» ካሉ የእኛ «አቤት?» ነው፤ አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ ማለት ነው፤ ማሽን በሚጮህበት የፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ ዘወትር ያስፈልግዎታል። «አይ ፊል ሶሪ ፎር ኸር» ማለት «ታሳዝነኛለች» ነው። ቃሉ ከስም በፊት ሲገባ ግን ይከብዳል። «ዘ ማን ኢዝ ሶሪ» ሰውየው አዝኗል ወይም ተጸጽቷል ማለት ሲሆን፣ «ኤ ሶሪ ማን» ደግሞ ምስኪን፣ የማይረባ ሰው ማለት ነው፤ ይህ ትርጉም ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። ስለ ኃላፊዎ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ የቃሉን ቦታ እንዳይቀያይሩት አደራ።

የአክስትዎን ልጅ በተመለከተ፣ እርሱ በእንግሊዝኛው ሕግ አላጠፋም። «ሶሪ» ለሐዘን የሚባል ቃል ነው፣ እርሱም ሐዘኑን ነው የተናገረው። የጠፋው በአማርኛችን ሕግ ነው። «ሶሪ» ወደ ከተማ አማርኛ ሲገባ ከሁለቱ ትርጉሞች አንዱን ብቻ፣ ያውም ቀላሉን፣ ይዞ ነው የገባው፤ ትከሻ ሲነካካ፣ ስልክ ሳይነሳ ሲቀር፣ ቀጠሮ ሲያልፍ የሚባል ሆነ። ስለዚህ ያቺ እናት ጆሮ ውስጥ የገባው የእግር መርገጥ ይቅርታ ነው፤ ያንን ለሞተ ሰው መስማት ደግሞ ያማል። ቁጣቸው ትክክል ነበር እላለሁ፤ ልጁ ግን ሆን ብሎ አላቀለለምና እንዲያዝኑበት አልፈልግም።

በእኛ አገር ቅሬው ድንኳን ሲጥል፣ በአንዱ ጥግ ክርስቲያኑ በሌላው ሙስሊሙ ሲቀመጥ፣ የሚባለው የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»። ሁለቱም ብርታቱን ከላይ ይለምናሉ፤ ስለ ተናጋሪው ሕመም አያነሱም። ቃል የጠፋበት ወጣት ገብቶ እጅ ነስቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥም ለቅሶ ደርሷል፤ ቃሉን ከጎኑ ካሉት ሰዎች ሰምቶ ይለምደዋል።

ለኃላፊዎ መመለስ የነበረብዎት «ታንክ ዩ» ብቻ ነው። ሰው ሕመምዎን ሲጋራ የሚገባው ምስጋና ነው፤ «ኢትስ ኦኬ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ለበደል ይቅርታ የሚሰጡ መልሶች ናቸው። የሆነው ሆኗልና አሁንም አልረፈደም፤ ወደ ሥራ ሲመለሱ «ታንክ ዩ ፎር ዩር ካይንድ ዎርድስ» ቢሏቸው፣ ማለትም ስለ መልካም ቃልዎ አመሰግናለሁ ቢሏቸው፣ ያን ቀን ያሉትን ያርመዋል፤ ከፈለጉም በአማርኛ «ሶሪ» ሲባል ይቅርታ ብቻ እንደሚመስለን ይንገሯቸው፤ በባዕድ አገር ለሚሠራ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል። እርሳቸውም አንድ ቀን ከአገራቸው መርዶ ቢደርሳቸው፣ በር ላይ ቆመው «ምን በደልኳቸውና ሶሪ እላለሁ?» ብለው አይያዙ። «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይበሏቸው።